ለራቪት ያሳመርነው ቤት

እኔ በዐሥር ዓመቴ፣ መንግሥት ቤት የሚሰጠው ቤቱን አሳምሮ ለሚይዝ ሰው ነው ብዬ አምን ነበር። አትሳቁብኝ። እስራኤል አገር፣ ቂርያት ማላኪ የነበረው ትምህርት ቤታችን በየወሩ ንጹሕ ሆኖ ለተገኘ ክፍል ዋንጫ ይሰጥ ነበር፤ የፕላስቲክ ቢሆንም ዋንጫ ነው። የኛ ክፍል ሁለት ጊዜ ወስዶታል፤ ሁለቱንም ጊዜ ጠረጴዛዎቹን የወለወልኩት እኔ ነበርኩ። ስለዚህ አባቴና እናቴ «ቫዳ» ሲሉ፣ ኮሚቴውን ማለታቸው ነው፣ ስለ ነጥብና ስለ ተራ ሲያወሩ ነገሩ ወዲያው ገባኝ። ውድድር ነው። ውድድር ከሆነ ደግሞ እኛን የሚያሸንፍ የለም።

ጊዜው በፈረንጆች አቆጣጠር 2017 ነው። የምንኖረው አራተኛ ፎቅ ላይ፣ አንድ መኝታ ቤትና አንድ ሳሎን ባለው የኪራይ ቤት ውስጥ ነበር፤ ስድስት ሆነን። አባቴ መንገሻና እናቴ ይርገዱ ሕፃኑን ኦሪያንን መካከላቸው አድርገው መኝታ ቤት ይተኛሉ። እኔና የስድስት ዓመቱ ወንድሜ ኤታን እዚያው ከአልጋው አጠገብ ፍራሽ ላይ ነን። የእናቴ አባት፣ አያቴ ዳኘው፣ ሳሎን ውስጥ ጠዋት ተጠቅልሎ ማታ በሚዘረጋ ፍራሽ ላይ ያድራሉ። ዝናብ ሲጀምር ከኔና ከኤታን ፍራሽ በላይ ያለው ግድግዳ ጥቁር ሻጋታ ያወጣል። እናቴ በበረኪና ታጥበዋለች፤ በሳምንቱ ይመለሳል። ኤታን ያስላል፤ ሲተኛ ደረቱ ሲር ሲር ይላል። እኔ ያንን ድምፅ እየሰማሁ እንቅልፍ ይወስደኝ ነበር። ሳሉንና ግድግዳውን አገናኝቼ አላውቅም።

ሐኪሟ ግን አገናኝታቸዋለች። ኤታን በአንድ ክረምት ሦስት ጊዜ ሆስፒታል ገብቶ ሲወጣ፣ ይህ ልጅ ከዚያ ቤት መውጣት አለበት ብላ ወረቀት ጻፈች። እናቴ ወረቀቱን አያይዛ ለመንግሥት ቤት አመለከተች። ተራ ጠብቁ ተባልን፤ ሁለት ዓመት ጠበቅን። ከዚያ በኅዳር ወር አንድ ቀን ስልክ ተደወለ። ራቪት የምትባል ማኅበራዊ ሠራተኛ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ መጥታ አኗኗራችንን ታይና ለኮሚቴው ሪፖርት ትጽፋለች።

ወሬውን ቀድማ የሰማችው የአባቴ ታላቅ እህት አክስቴ ታፈሰች ናት። ገዴራ ትኖራለች፤ የገዛችው ቤት፣ ዳር ዳሩ ወርቃማ ክር የዞረበት ሶፋና ወለል የሚጠርግ መጋረጃ አላት። አክስቴ እኛ ቤት ስትገባ ቤቱ ይበልጥ ይጠብ ነበር። ዙሪያውን አየች፣ የተጠቀለለውን ፍራሽ አየች፣ እንግዳ የምትቀበሉት እዚህ ላይ ነው ወይ አለች። እናቴ ሴትዮዋ ለሥራ የምትመጣ እንጂ እንግዳ አይደለችም ልትል ሞከረች። አክስቴ አላስጨረሰቻትም።

«በርሽን አንኳክቶ የገባ ሁሉ እንግዳ ነው» አለች። «ገመና ለእንግዳ አይታይም፣ ይርገዱ።»

በዚህ ነገሩ ተቆረጠ። ማክሰኞ ማታ ሶፋውና መጋረጃው ከገዴራ በጭነት መኪና መጡ፤ አራት ወንዶች ሶፋውን አራት ፎቅ አወጡት፤ ሦስተኛው ፎቅ ላይ ሲደርሱ የተሰደበውን ስድብ እስካሁን አልረሳሁትም። ፍራሾቹ በሙሉ ታች ወዳለችው ጎረቤታችን ወደ ፈንቴ ወረዱ። አባቴ ከፕላስቲክ ፋብሪካው ፈረቃ ሲወጣ አንድ ባልዲ ነጭ ቀለም ይዞ መጣና የሻገተውን ግድግዳ ሁለት ጊዜ ደራርቦ ቀባው። ኤታን ደግሞ ሲያስል እንግዳ ያስጨንቃል ተብሎ ከአክስቴ ጋር ገዴራ እንዲያድር ተወሰነ። አያቴም ሳሎኑ እንዲሰፋ ረቡዕን ምኩራብ እንዲውሉ ተለመኑ።

አያቴ ኮታቸውን ለብሰው በሩ ላይ ቆሙ። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» አሉ።

«እሱ ለሐኪም ነው፣ አባባ» አለ አባቴ የቀለም ሮለሩን እንደያዘ። «ይቺ እንግዳ ናት።»

የዚያን ሳምንት ደስታዬን ልነግራችሁ አልችልም። እናቴን በቅርቡ፣ ያኔ ለምን ዝም አልሽ ብዬ ጠይቄያት ነበር። አባትሽ ግድግዳውን ሲቀባ ያንጎራጉር ነበር አለችኝ፤ እዚህ አገር ከገባን ጀምሮ ሲያንጎራጉር ሰምቼው አላውቅም ነበር፣ በምን አንጀቴ ላቋርጠው።

ራቪት ጸጉሯ የተጠቀለለ፣ ትልቅ ቦርሳ ያንጠለጠለች፣ ደረጃው ያደከማት ሴት ነበረች። ገና ስትገባ «ዋው» አለች። እኔ በልቤ አንድ ነጥብ ቆጠርኩ። ሶፋው ላይ ተቀመጠች። እናቴ ዶሮ ወጥ አቀረበች፤ ራቪት መብላት አይፈቀድልኝም ብላ ነበር፣ እናቴ ግን ያንን ዓይነት ዕብራይስጥ አትሰማም። በላች፤ እንዲያውም እንቁላሉን ጨመረች። ከዚያ ደብተሯን አውጥታ አባቴን መጠየቅ ጀመረች። ቤቱ አይጠባችሁም ወይ? አባቴ ሰንበት የሚለብሰውን ጃኬት ለብሶ ቀጥ ብሎ ተቀምጧል። «ሀኮል ቤሰደር» አለ፤ ሁሉ ደኅና ነው ማለቱ ነው። ልጁስ፣ የትንፋሹ ነገር? ይመስገን፣ ተሽሎታል። እርጥበት አለ ተብሎ ተጽፏል? ይመስገን፣ አሁን የለም።

እውነቱን ንገረኝ ካላችሁኝ፣ አባቴ አልዋሸም። እንዴት ነህ ሲባል ይመስገን የማይል ሰው እኛ ዘንድ ባለጌ ነው። እንግዳ ምግብ አፉ ውስጥ እያለ ችግር የሚያወራማ ጭራሽ ልመና እንደ ያዘ ይቆጠራል። አባቴ ያደገው እንደዚያ ነው፤ ራቪት ደግሞ የሰማችውን ነው የጻፈችው።

መኝታ ቤቱን ልይ ብላ ስትነሳ እናቴ በሩ ላይ ትንሽ ዘገየች፤ የሰው መኝታ ቤት አይታይም። ቢሆንም ከፈተችላት። አንድ አልጋ፣ አንድ የሕፃን ትራስ፣ ነጭ ግድግዳ። ራቪት አፍንጫዋን ነፋ አድርጋ ቀለም ይሸታል አለች። አባቴ ለክብርሽ ብዬ ነው ሲላት ከልቧ ሳቀች። እኔም ጠረጴዛ የምወለውለው እኔ መሆኔን ነገርኳት፤ እሱንም ጻፈችው መሰለኝ።

አሁን ወታደር ነኝ። ሥራዬ ቤታቸው የተቸገረ ወታደሮችን እየሄዱ ማየትና እርዳታ እንዲያገኙ መጻፍ ነው፤ ዕጣ እንዲህ ትቀልዳለች። የኛ ሰዎች ቤት ስገባ ሳሎን አልቀመጥም። ከኩሽናው እጀምራለሁ። ወለሉ ላይ የፍራሽ ምልክት እፈልጋለሁ፣ የጥርስ ብሩሾቹን እቆጥራለሁ። ትኩስ ቀለም ከሸተተኝ ቁጭ ብዬ እንደ ቤተሰብ አወራለሁ እንጂ ደብተሬን አላወጣም። ያኔ ራቪትን እንዲህ ያለ ነገር ያስተማራት አልነበረም።

ደብዳቤው ከስድስት ሳምንት በኋላ መጣ። ዕብራይስጥ አቀላጥፌ የማነበው እኔ ስለሆንኩ ሁሉም ዙሪያዬን ተቀመጡ፤ ሶፋው ገዴራ ተመልሷል፣ ስለዚህ ፍራሽ ላይ ነው። ጮክ ብዬ አነበብኩ። በጉብኝቱ ጊዜ በቤቱ ውስጥ የተገኙት አራት ሰዎች ናቸው። መጨናነቅ አልታየም። ግድግዳዎቹ ንጹሕ ናቸው። ቤቱ እጅግ በጥሩ ሁኔታ ላይ ይገኛል። እኔ እዚህ ላይ አጨበጨብኩ። ያጨበጨብኩት ብቻዬን ነበር። ቀና ስል አባቴ እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ መሬት መሬት ያያል፤ እናቴ ቀስ ብላ፣ ከታች ያለውንም አንብቢው አለችኝ። ከታች ማመልከቻው ውድቅ መሆኑንና በአንድ ወር ውስጥ ይግባኝ ማለት እንደሚቻል ተጽፏል። እኔ አልተዋጠልኝም። ይህን ያህል ነጥብ አግኝቶ መሸነፍ እንዴት ይሆናል? አጭበርብረውናል ብዬ ደመደምኩ።

በዚያው ሳምንት ሻጋታው ነጩን ቀለም ሰንጥቆ ወጣ። ኤታን ለአራተኛ ጊዜ ሆስፒታል ገባ። ሲመለስ ከንፈሩ ተሰነጣጥቆ ነበር፤ ደረጃውን አባቴ አዝሎ አወጣው። ኤታን ጀርባው ላይ ሆኖ ፎቁን ሲቆጥር ትንፋሽ አጥሮት ሦስት ላይ ቆመ። አባቴ ቀሪውን ቆጠረለት።

አባቴና እናቴ ስለ ይግባኙ የተነጋገሩት እኔ የተኛሁ መስሏቸው ነው። ኮሚቴው ፊት ቀርቦ ኑሮን አንድ በአንድ ማስረዳት ያስፈልግ ነበር።

«ገመናዬን ለፈረንጅ አላሰጣም» አለ አባቴ። ፈረንጅ የምንለው ነጮቹን የአገሩን ልጆች ነው።

እናቴ ወደ ፍራሻችን ዞረች። የኤታን ደረት ይሰማል።

«ልጁ ከሚታፈን ገመናው ይውጣ» አለች። «አንተ ካፈርክ እኔ እሄዳለሁ።»

በማግስቱ አባቴ ቁርስ ሳይበላ ወደ ሥራ ሄደ። እኔ የገባኝ እናቴ ውድድሩን ልትቀጥል መሆኑ ብቻ ነው። ሥራዋን አስፈቅዳ፣ እኔን ከትምህርት ቤት አስቀርታ፣ የሰንበት ነጭ ሸሚዜን አለበሰችኝና ረሆቮት ወዳለው ቢሮ በአውቶቡስ ወሰደችኝ። ልታስተረጉሚልኝ ነው አለችኝ። ኩራቴ አውቶቡሱ ውስጥ አልበቃ አለ።

ሦስት ሰዎች ከረጅም ጠረጴዛ ማዶ ተቀምጠዋል፤ መካከለኛው ሽበታም ሰውዬ መነጽሩን ግንባሩ ላይ አውጥቷል። እናቴ ጀመረች። የምትናገረው ጠረጴዛውን እያየች ነበር፤ ድምፅዋም ዝቅ ያለ ነው። ወንድ ልጄ ሲተኛ ትንፋሽ ያጥረዋል፣ አራት ጊዜ ሆስፒታል ገብቷል አለች። እኔ ደነገጥኩ። ዳኞች ፊት ቀርቦ እንዲህ ይባላል? ውድድሩን በገዛ እጇ ልትጥለው ነው። አዘንኩላትም፤ ሕጉን አታውቅም። ስለዚህ አዳንኳት። ወንድሜ ጎበዝ ነው፣ ከጓደኞቹ ሁሉ ፈጣን ሯጭ እሱ ነው ብዬ ተረጎምኩ።

ሽበታሙ ሰውዬ ራሱን ነቀነቀና ጻፈ። እናቴ ቀጠለች። ግድግዳው ይሻግታል፣ ባጥበውም ይመለሳል። እኔም ግድግዳችን ነጭ ነው፣ አባቴ ራሱ ነው የሚቀባው አልኩ። አባቴ ሽማግሌ ናቸው፣ መሬት ላይ ይተኛሉ አለች። አያቴ ሳሎን ውስጥ የራሳቸው ቦታ አላቸው አልኩ። እየጣፈጠኝ ሄደ። ከጎን ያለችው ሴትዮ ወረቀቷን ገለበጠች፣ እኔን አየች፣ እናቴን አየች።

«ታዲያ እናትሽ ሌላ ቤት ለምን ትፈልጋለች?» አለችኝ።

ይህን አላሰብኩበትም ነበር። «ቤት አያያዝ ስለምንችል» አልኩ።

እናቴ እጇን ጉልበቴ ላይ አሳረፈች። ከዚያ ከተቀመጥን ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብላ ሦስቱንም አየቻቸው፤ በዕብራይስጥም ተናገረች።

«ሀባት ሼሊ ቶቫ» አለች። «አቫል ሜሻኬሬት።»

ልጄ ጥሩ ናት፤ ግን ትዋሻለች።

ከዚያ ሁሉንም ተናገረች። ዕብራይስጧ ወንዱን ሴት፣ ትናንትን ነገ ያደርጋል፤ ግን ያልገባው ሰው አልነበረም። ስድስት ነን አለች። ሶፋው የሌላ ሰው ነው። ፍራሾቹን ጎረቤት ደብቀናቸው ነበር። ልጄንም አባቴንም ከቤት አስወጥቼ ነበር። ባሌ ግድግዳውን የቀባው በማታለል አይደለም፣ አፍሮ ነው። እኔም አፍሬ ነው። ዛሬም አፍራለሁ፣ ግን ልጄ መተንፈስ አልቻለም። ሽበታሙ ሰውዬ መነጽሩን አውርዶ ዓይኑ ላይ አደረገ። እኔ እንባዬ ነጩ ሸሚዜ ላይ ይንጠባጠባል። ውሸታም ስለተባልኩ አልነበረም ያለቀስኩት። እናቴ በሰው ፊት ራቁቷን የቆመች መስሎኝ ነው፤ እንድትለብስ የሚያደርጋት ደግሞ የለም።

እናቴ በዚያን ጊዜ ትምህርት ቤት በማጽዳት ስምንት ዓመት ሠርታ ነበር። ዕብራይስጥ ያንሳታል ብዬ ያመንኩት እኔ ነኝ። እኔን የወሰደችኝ ቋንቋ አጥሯት ሳይሆን ድፍረት አጥሯት ነበር፤ ገመናዬን በአማርኛ ከተናገርኩት የተናገርኩት አይመስለኝም፣ የሚያሻግረው ሌላ ሰው ነው ብላ አስባ ነበር። ይህን የነገረችኝ እኔ ራሴ የሰው ቤት ማየት ስጀምር ነው። እና አንቺ ስትዋሺ፣ አለችኝ እየሳቀች፣ ሌላ ምን አማራጭ ነበረኝ?

ያኔ ግን አውቶቡስ ውስጥ አላናገርኳትም። ገዴራን እስክናልፍ በመስኮት ወጪ ወራጁን አየሁ። ቤት ስንደርስ ያደረግኩትን ልንገራችሁ፤ የማፍርበት እሱ ነው። አባቴ ከፋብሪካ እስኪመለስ ጠብቄ ሁሉንም ዘረገፍኩለት፤ ሶፋውን፣ ፍራሹን፣ ባሌ አፍሮ ነው ያለችውን ሳይቀር። ይቆጣታል፣ ተመልሶ ሄዶ ያስተካክለዋል ብዬ ነበር። አባቴ አልተቆጣም። ጫማውን አወለቀ፣ እጁን ታጠበ፣ ገብቶ ተኛ። ከዚያን ቀን ጀምሮ አባቴና እናቴ በኛ በኩል ይነጋገሩ ጀመር። ለአባትሽ ራት ቀርቧል በዪው። ለእናትሽ የመብራት ወረቀት መጥቷል በያት። አክስቴ ታፈሰችም ነገሩን ስትሰማ እግሯን ከቤታችን ቀነሰች። እናቴ ግን አልተንበረከከችም። ወደ ሥራዋ ትሄዳለች፣ ኤታንን ሐኪም ዘንድ ታደርሳለች፣ በየሁለት ሳምንቱ ቢሮው ደውላ የኛ ጉዳይ የት ደረሰ ትላለች። ስትደውል ከኛ አትደበቅም ነበር። እኔ የተሸነፍነው በእሷ ምክንያት ነው ብዬ ዘጠኝ ወር ሙሉ አኮረፍኳት።

በ2018 የበዓላቱ ሰሞን፣ በመከር፣ ቤት ተሰጠን። ያቭነ፣ ሁለተኛ ፎቅ፣ ሦስት መኝታ ቤት፣ ፀሐይ የሚገባበት መስኮት። አያቴ የራሳቸው በር ያለው ክፍል አገኙ፤ የመጀመሪያውን ሳምንት በሩን እየዘጉና እየከፈቱ ነው ያሳለፉት። ኤታን አልዳነም፣ ግን ያንን ክረምት ሆስፒታል ሳያድር አሳለፈው። እኔ እንዴት እንዳሸነፍን ለማንም ማስረዳት አልቻልኩም። ዳኞቹ የመጀመሪያውን የኔን ንግግር አስታውሰው መሆን አለበት ብዬ ለጓደኞቼ አወራሁ።

እንኳን ደስ ያላችሁ ሊሉን ዘመድ ወዳጅ የተሰበሰበ ዕለት ቤቱ ጢም አለ። አክስቴ ታፈሰችም መጣች፤ ትልቅ ዳቦ ጋግራ፣ ምንም እንዳልተፈጠረ ሆና። ከሁሉ በዕድሜ የሚበልጡት የአባቴ አጎት ጋሼ ሐብቴ ለምርቃት ተነሡ። ረጅም ምርቃት ነው። ቤቱ የሰላም ይሁን፣ አሜን። ልጆቹ ይደጉበት፣ አሜን። ከዚያ ወደ አባቴ ዞረው ወንድ ልጅ እንዲህ ነው አሉ፤ በባዕድ አገር ቤተሰቡን ከጭንቅ አውጥቶ ለዚህ ያበቃ፣ እጁ አይዛል፣ ስሙ አይጥፋ። ሁሉም አሜን ሊል አፉን ሲከፍት አባቴ ብድግ አለ።

«ጋሼ ሐብቴ፣ ምርቃቱን ለእሷ ያዙሩልኝ» አለ። «ቫዳው ፊት የቆመችው ይርገዱ ናት። ችግራችንን የተናገረችው እሷ ናት። እኔ አፍሬ ቤት ቀረሁ፤ ተናገረች ብዬም ዘጠኝ ወር አኮረፍኳት።»

አክስቴ አንገቷን ደፋች። እኔ ፊቴን በእጄ ሸፈንኩ፤ አባቴ ያበደ መሰለኝ። እናቴ የተናገረችው ዳግመኛ ለማያዩዋት ሦስት ፈረንጆች ነው። እሱ የተናገረው በየሠርጉና በየለቅሶው ዕድሜውን ሙሉ ዓይን ለዓይን ለሚገጥሙት ሰዎች ነው። የቱ እንደሚከብድ ለማወቅ ሰው መሆን ነበረብኝ፤ ያኔ ገና ልጅ ነበርኩ።

ጋሼ ሐብቴ ጋቢያቸውን አስተካከሉ። ካቆሙበት አልቀጠሉም፤ ይርገዱ ብለው ስሟን ጠርተው ከመጀመሪያው እንደ አዲስ ጀመሩ። ቤትሽ የሰላም ይሁን፣ ልጆችሽ ይደጉበት፣ አንደበትሽ አይታጠፍ። ሰዉ በየመካከሉ አሜን ይላል። እናቴ የወጥ ማንሻውን እንደያዘች ኩሽናው በር ላይ ቆማ ነበር፤ አባቴን ነው የምታየው። ምርቃቱ አልቆ ሁሉም ወደ ምግቡ ሲዞር፣ እሷ ዘግይታ ብቻዋን አሜን አለች።